የተበላ ኤግዞስት ቫልቭ፦ ይቀየር ወይስ ተመልሶ ይግባ?

ሞተሩ ሊታደስ ወርዷል። ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ቴስታታ ተፈቷል። ቫልቮቹ ካርቶን ላይ ተሰክተዋል። ይሄኔ ባለ መኪናው የማያመልጠው ጥያቄ ይመጣል፦ «ጋሼ፣ ኤግዞስቶቹ ትንሽ ተበልተዋል፤ አሽተን እንመልሳቸው ወይስ አዲስ ይገዛሉ?» መልሱን ብዙ ጊዜ የሚወስነው ኪስ ነው። አንዳንዴ ደግሞ የጋራዡ ልማድ ይወስነዋል። ለክቶ የሚወስን ግን ጥቂት ነው።

ጥያቄው አዲስ አይደለም፤ አሁን ግን ብዙ ሰው ቤት ገብቷል። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት የኤሌክትሪክ ካልሆኑ በቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ከተነገረ ወዲህ፣ እጅ ላይ ያለችውን የቤንዚን መኪና ሞተሯን አሳድሶ መንዳት ለብዙዎቻችን ቀጥተኛው መንገድ ሆኗል። ስለዚህ እዚህ ጋ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ቁጥር ስጠቅስ ከሁሉም ሰው ሰፈር የማይጠፋውን የኮሮላ ሞተር፣ 4ኤ-ኤፍኢ የሚባለውን ባለ 1.6 ሊትር፣ ምሳሌ አደርጋለሁ። የእናንተ ሞተር ሌላ ከሆነ ሐሳቡ ያው ነው፤ ልኬቶቹን ግን ከራሱ ማኑዋል ውሰዱ።

ኤግዞስት ቫልቭ ሥራው ምንድን ነው?

እያንዳንዱ ሲሊንደር፣ ማለትም ፒስተኑ የሚመላለስበት ጉድጓድ፣ አየርና ነዳጅ የሚገባበት በር አለው፤ የተቃጠለው ጭስ የሚወጣበትም በር አለው። የመግቢያውን በር የሚዘጋው ኢንቴክ ቫልቭ፣ የመውጫውን የሚዘጋው ኤግዞስት ቫልቭ ነው። 4ኤ-ኤፍኢ በአንድ ሲሊንደር ሁለት ሁለት ስላለው በአራቱ ሲሊንደር 16 ቫልቭ ይሆናል፤ 8ቱ ኤግዞስት ናቸው።

የቫልቭ ቅርጽ የታወቀ ነው፤ ጠፍጣፋ ክብ ራስና ቀጭን ረጅም ዘንግ። የራሱ ጠርዝ ዙሪያውን ሰያፍ ተደርጎ ተስሏል። ይህ ሰያፍ ፊት ቴስታታው ላይ ካለው ቀለበት ጋር ይገጥማል፤ ቀለበቱን መቀመጫ እንለዋለን። ዘንጉ የሚንሸራተትበት ቱቦ ጋይድ ይባላል። ካምሻፍቱ (ካም የሚባሉ ጉብታዎች ያሉበት የሚሽከረከር ዘንግ) ቫልቩን ገፍቶ ይከፍተዋል፣ ሞላው ጎትቶ ይዘጋዋል። በቃ ይኸው ነው።

ቀላል ይመስላል፤ ፍጥነቱን ስታዩት ግን ጉድ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር ሲሽከረከር እያንዳንዱ ቫልቭ በሰከንድ 25 ጊዜ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ከቦሌ ሜክሲኮ እስክትደርሱ ስንት ጊዜ መቀመጫው ላይ እንደሚወድቅ ራሳችሁ አስሉት።

ለምን ኤግዞስቱ ቀድሞ ይበላል?

ኢንቴክ ቫልቭ በተከፈተ ቁጥር ቀዝቃዛ አየርና ነዳጅ በላዩ ላይ ያልፋል። ማለትም እየሠራ ይታጠባል፣ እየሠራ ይቀዘቅዛል። ኤግዞስቱ ይህ ዕድል የለውም። እሱ የሚከፈተው ቃጠሎው ካለቀ በኋላ ነው፤ በአጠገቡ የሚያልፈውም የሚነድ ጭስ ብቻ ነው። ሞተሩ ጭነት ላይ ሲሆን የኤግዞስት ቫልቭ ራስ 700 እና 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። በዚህ ሙቀት ብረት ይቀላል። በዚያው ላይ በሰከንድ 25 ጊዜ ይወድቃል።

ታዲያ እንዴት አይቀልጥም? ሙቀቱን የሚያወርድበት ቦታ ስላለው ነው። ቫልቩ ሲዘጋ ፊቱ መቀመጫው ላይ ያርፋል፤ ሙቀቱም ከፊቱ ወደ መቀመጫው፣ ከመቀመጫው ወደ ቴስታታው፣ ከቴስታታው ወደ ራዲያተሩ ውሃ ይሄዳል። ከጠቅላላው ሙቀት ሦስት አራተኛ የሚሆነው በዚህ መንገድ ይወጣል። የቀረው በዘንጉ በኩል ወደ ጋይዱ ይሄዳል።

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። ኤግዞስት ቫልቭ በሕይወት የሚቆየው መቀመጫው ላይ ሙሉ በሙሉ ስለሚያርፍ ነው። መቀመጫው ጭስ መዝጊያም ሙቀት ማውረጃም ነው። ስለዚህ «ይቀየር ወይስ ይመለስ?» የሚለው ጥያቄ ሲፈታ «ይህ ቫልቭ ከዚህ በኋላም ዙሪያውን ገጥሞ ማረፍ ይችላል ወይ?» ማለት ነው።

ማረፍ ካልቻለ የሚሆነውን እንጀራ የሚጋግር ሁሉ ያውቀዋል። አክንባሎ ጠርዙ ላይ ትንሽ ከተሸረፈ እንፋሎቱ ሌላውን ዙሪያ ትቶ በዚያች ሽራፊ ይወጣል፤ ሁሌም በዚያችው። ቫልቭም እንደዚያ ነው፤ ልዩነቱ የሚወጣው እንፋሎት አለመሆኑ ነው፤ ነበልባል ነው። ክፍተቷ የምትገኝበት ቦታ መቀመጫውን ስለማይነካ አይቀዘቅዝም። ስለማይቀዘቅዝ የበለጠ ይቃጠላል። የበለጠ ሲቃጠል ክፍተቱ ይሰፋል። መጨረሻ ላይ ከጠርዙ የሶስት ማዕዘን ቁራጭ የወጣለት ቫልቭ ታገኛላችሁ። ብዙ ጊዜ «ቫልቭ ተቃጠለ» የሚባለው ይህ ነው።

የሚንጫጫ ቫልቭ ነው የሚጎዳው ወይስ ዝም ያለው?

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ተገልብጦበታል። ሞተሩ ጠዋት ላይ ቲክ ቲክ ሲል ባለ መኪናው ይደነግጣል፣ «ቫልቭ አስተካክሉልኝ» ይላል። ድምፁ ጠፍቶ ሞተሩ ጸጥ ካለ ደግሞ ደስ ይለዋል። ለኤግዞስት ቫልቭ ግን አደገኛው ጸጥታው ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። በካሙና በቫልቩ ጫፍ መካከል ሆን ተብሎ የተተወ ትንሽ ክፍተት አለ። 4ኤ-ኤፍኢ ላይ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ሲለካ የኢንቴኩ ከ0.15 እስከ 0.25፣ የኤግዞስቱ ከ0.20 እስከ 0.30 ሚሊ ሜትር ነው። ለኤግዞስቱ የበለጠ የተተወለት ሲሞቅ የበለጠ ስለሚረዝም ነው።

ካሙ ሲበላ ክፍተቱ ይሰፋል፣ ድምፅ ይመጣል። የቫልቩ ፊትና መቀመጫው ሲበሉ ግን ተቃራኒው ይሆናል። ቫልቩ ወደ ቴስታታው ውስጥ ጠለቅ ይላል፣ ዘንጉ ወደ ላይ ወደ ካሙ ይወጣል፣ ክፍተቱ ይጠብባል። ሲጠብ ድምፅ የለም። ሲያልቅ ደግሞ ቫልቩ ሞተሩ በሞቀ ቁጥር በደንብ ሳይዘጋ ይቀራል። ካሙ በትንሹ ደግፎ ይዞታል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ታሪክ ከላይ ተናግረናል።

ስለዚህ የቫልቭ ክፍተት የሚለካው በድምፅ አይደለም፤ በመለኪያ ነው። ካሙ ቫልቩን የሚገፋባቸው ክዳኖች ታፔት ይባላሉ፤ በዘይት ግፊት ራሳቸውን የሚያስተካክሉ ታፔቶች ያላቸው ሞተሮች ላይ ይህ ችግር ቀለል ይላል። 4ኤ-ኤፍኢ ግን ከእነሱ ወገን አይደለም፤ እሱ ላይ ክፍተቱ የሚስተካከለው ከታፔቱ ላይ የምትቀመጠውን ሽም የምትባል ክብ ብረት በወፈረች ወይም በሳሳች በመቀየር ነው። ሥራው ጊዜ ስለሚወስድ ብዙ ቦታ ይዘለላል።

ሞተሩ ሳይፈታ ችግሩ ከቫልቭ መሆኑ ይታወቃል?

ይታወቃል። የተቃጠለ ቫልቭ ያለበት ሲሊንደር በደንብ አይሠራም፤ ሞተሩ ቆሞ ሲነሳ ይንቀጠቀጣል፣ ከማርሚታው ጫፍ የሚወጣው ጭስ አንድ ወጥ መሆኑ ቀርቶ ፑፍ… ፑፍ ይላል። ወረቀት ብትይዙለት ሲገፋው ሲተወው ታያላችሁ።

ዋናው ግን የኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሩ አየር ሲጨምቅ የሚፈጥረው ግፊት፣ መለኪያ ነው። ካንዴላዎቹ ይወጣሉ፣ መለኪያው በካንዴላው ቀዳዳ ይገባል፣ ሞተሩ በሞተሪኖ ይዞራል። አንዱ ሲሊንደር ከሌሎቹ በጣም ካነሰ ችግሩ እዚያ ነው። ቀጥሎ በዚያው ቀዳዳ ትንሽ የሞተር ዘይት ጠብ አድርጋችሁ እንደገና ለኩ። ቁጥሩ ከፍ ካለ ዘይቱ የፒስተኑን ዙሪያ ስለደፈነ ነው፤ ችግሩ ፋሻ፣ ማለትም የፒስተኑ ቀለበት ነው። ቁጥሩ እዚያው ከቆመ ችግሩ ወደ ቫልቭ ያደላል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ዝቅ ካሉ ደግሞ በቴስታታውና በብሎኩ መሃል ያለውን ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑን ጠርጥሩ።

ለአዲስ አበባ ሰው አንድ ነገር ልጨምር፤ በዚህ ምክንያት ጤነኛ ሞተር ሲፈታ ማየት ያናድዳል። የኮሮላው ማኑዋል ለዚህ ሞተር መደበኛው 191 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ነው፣ ዝቅተኛው 142 ነው ይላል። ይህ ግን በባሕር ጠለል ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ሳስቷል፣ ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ግድም ነው። ሞተሩ የሚጨምቀው ያንን የሳሳ አየር ስለሆነ፣ አሰብ ላይ 191 የሚያሳይ ሞተር እዚህ በስሌት 145 አካባቢ ያሳያል። ማለትም ፍጹም ጤነኛው ሞተር የማኑዋሉን ዝቅተኛ ቁጥር ሊታከክ ነው! ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ። ሲሊንደሮቹን እርስ በእርስ አወዳድሩ። በዚሁ ማኑዋል መሠረት በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከ14 ፒኤስአይ መብለጥ የለበትም።

ቴስታታው ወረደ። የትኛው ቫልቭ ወዲያው ይጣላል?

በመጀመሪያ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «የትኛው ቫልቭ ከየት እንደወጣ ምልክት ተደርጓል?» እያንዳንዱ ቫልቭ ከራሱ ጋይድና ከራሱ መቀመጫ ጋር ተላምዷል። የሚመለስ ከሆነ ወደነበረበት ነው የሚመለሰው። ካርቶን በስቶ ቁጥር ጽፎ መሰካት ከሁሉ የረከሰው መሣሪያ ነው። ሁሉም አንድ ጣሳ ቤንዚን ውስጥ ተደፍተው ካገኛችኋቸው ግማሹ መረጃ እዚያው ቀልጧል።

ካርቦኑ ከተጠረገ በኋላ በዓይን ብቻ የሚጣሉ አሉ። ጠርዙ የተቃጠለ ወይም የተቆረሰ፣ ስንጥቅ የታየበት፣ ዘንጉ የተጣመመ። የጥርስ ቀበቶ ተበጥሶ ፒስተን ከቫልቭ የተጋጨባቸው ሞተሮች ላይ የተጣመመውን ቫልቭ በመዶሻ ለማቃናት የሚሞክር ሰው ካጋጠማችሁ በትህትና አመስግናችሁ ቴስታታችሁን ይዛችሁ ውጡ። የተቃናው ቫልቭ ራሱ ተቆርጦ ሲሊንደር ውስጥ ቢወድቅ የሚጠፋው ቫልቩ ብቻ አይደለም፤ ፒስተኑም፣ ቴስታታውም፣ አንዳንዴ ብሎኩም ነው።

ለዓይን ትንሽ የሚከብዱ ሁለት ጉዳቶች አሉ። አንደኛው የአንገት መቅጠን ነው፤ ከራሱ ሥር፣ ዘንጉ የሚጀምርበት ቦታ በሙቀትና በጭስ ተበልቶ ይቀጥናል። ጣታችሁን ብታንሸራትቱበት ወገብ እንዳወጣ ይታወቃችኋል። ሁለተኛው የራሱ መጎድጎድ ነው፤ ከመጠን በላይ የሞቀ ቫልቭ ሞላው ሲጎትተው ራሱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ቀጥ ያለ ማስመሪያ ራሱ ላይ አጋድማችሁ ብታዩት መሃሉ ላይ ብርሃን ያልፋል፤ እርግጥ ከፋብሪካ ጎድጎድ ብለው የሚሠሩም ስላሉ ከጓደኞቹ ጋር ማወዳደር ነው። ሁለቱም ጉዳቶች ብረቱ ጥንካሬውን እንዳጣ ይናገራሉ። ፊቱ ምንም ያህል ቢያምር አይመለሱም።

ትንንሽ ነጠብጣብ ጉድጓዶች ፊቱ ላይ ብታዩ ግን አትደንግጡ። እሱ የሚወሰነው በልኬት ነው።

በልኬት ምን ይታያል?

ለእኔ ዋናው የጠርዝ ውፍረት ነው። ሰያፉ ፊት ከሚያልቅበት እስከ ቫልቩ የላይኛው ገጽ ድረስ ቀጥ ያለች ጠባብ ጠርዝ አለች። እሷን በካሊፐር ለኩ። 4ኤ-ኤፍኢ ላይ አዲስ ቫልቭ ከ0.8 እስከ 1.2 ሚሊ ሜትር አላት፤ ከ0.5 ካነሰች ይጣላል።

ይህች ጠርዝ ለምን ይህን ያህል ትከበራለች? ብረት ሲሳሳ ሙቀት የሚያከማችበት ሥጋ ያጣል። ጠርዟ እንደ ቢላ ስለት ከሆነች መጀመሪያ የምትቀላውም፣ መጀመሪያ የምትሰነጠቀውም እሷ ናት። ቀልታ ስትቆይ ደግሞ ካንዴላው ሳይተኩስ ነዳጁን ልታቀጣጥል ትችላለች፤ ያ ደግሞ ፒስተን ይበሳል። አንድ ነገር አስተውሉ፦ መለካት ያለበት ፊቱ በማሽን ከተሞረደ በኋላ ነው። ከመሞረዱ በፊት 0.7 የነበረች ጠርዝ ጉድጓዶቹ እስኪጠፉ ሲሞረድ 0.4 ልትሆን ትችላለች። «ለክቼው ነበር፣ ደህና ነበር» የሚለው የጋራዥ ክርክር አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ይሄ ነው።

ሁለተኛው ዘንጉ ነው። በማይክሮሜትር ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች ይለካል፤ ምክንያቱም እኩል አይበላም። የዚህ ሞተር ኤግዞስት ዘንግ አዲስ ሲሆን ከ5.965 እስከ 5.980 ሚሊ ሜትር ነው። ብቻውን ግን ትርጉም የለውም፤ ከጋይዱ ስፋት ተቀንሶ የሚገኘው ክፍተት ነው የሚፈለገው። አዲስ ሲሆን ከ0.030 እስከ 0.065 ነው፣ ከ0.10 ሚሊ ሜትር ካለፈ አልፎበታል። ካሊፐር ይህን አይለካም። ማይክሮሜትር የሌለው ጋራዥ «ዘንጉ ደህና ነው» ሲላችሁ በጣት ስሜት እየገመተ ነው።

ዘንጉ ጋይዱ ውስጥ ሲላላ ቫልቩ በወደቀ ቁጥር ጎኑን ያዘነብላል፣ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ ያርፋል። ፊቱና መቀመጫው ምንም ያህል በጥንቃቄ ቢሠሩ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይበላሻሉ። ዘይትም ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ በኤግዞስቱ በኩል ሲቃጠል ካርቦን ሆኖ ዘንጉ ላይ ይጋገራል። ጠዋት ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ የሚያሳይ መኪና ዘይት በዘንጉ በኩል እንዳይወርድ የሚያግዱት የቫልቭ ጎማዎች ብቻ ደርቀው ሊሆን ይችላል፤ ጋይዱ ልል ከሆነ ግን አዲስ ጎማም ብዙ አይቆይም።

ቢታሽ አይበቃም ወይ?

ማሸት ማለት ሸካራ ቅባት ፊቱ ላይ ቀብቶ፣ ቫልቩን በመምጠጫ እንጨት ይዞ፣ መቀመጫው ላይ ወዲያ ወዲህ ማሽከርከር ነው። ሁላችንም ጋራዥ ውስጥ ያየነው ነው፤ ልጆቹ በሁለት መዳፋቸው መሃል እንጨቱን ሲያሹት።

ማሸት ጥሩ ነገር ነው፣ ቦታው ላይ ከዋለ። የተሞረደን ፊትና የተቆረጠን መቀመጫ መጨረሻ ላይ ያላምዳል፤ ደግሞም ይመረምራል፣ ምክንያቱም ከታሸ በኋላ የሚታየው ግራጫ ቀለበት የት እንደገጠመና የት እንዳልገጠመ ይነግራችኋል። የተበላን ቫልቭ ግን አያድንም። ጉድጓድ ያለበት ፊት እስኪጠፋለት ድረስ ከታሸ ቅባቱ ከቫልቩም ከመቀመጫውም ያለ ልዩነት ይበላል። ውጤቱ ፊቱ ላይ የተቦረቦረ ቦይ ነው። ቦዩ በቀዝቃዛ ሞተር በደንብ ይገጥማል፤ ቫልቩ ሲሞቅና ሲሰፋ ግን ከቦዩ ወጥቶ ጠርዙ ላይ ያርፋል።

ይህን የሚያህል ጉዳት ሲኖር መፍትሔው የቫልቭ መሞረጃ ማሽን ነው። ፊቱን በትክክለኛው ማዕዘን ይሞርደዋል፤ ለዚህ ሞተር 44.5 ዲግሪ፣ መቀመጫው 45። ግማሽ ዲግሪ የተለያዩት በስህተት አይደለም፤ መጀመሪያ ላይ በቀጭን መስመር እንዲገጥሙና ቶሎ እንዲላመዱ ነው። የመገጣጠሚያው ወርድ ከ1.0 እስከ 1.4 ሚሊ ሜትር ይሁን ይባላል። ከዚህ ከጠበበ ሙቀት የሚያልፍበት ድልድይ ይጠብባል። ከሰፋ ደግሞ የሞላው ጉልበት ይበታተንና ካርቦን መሃሉ ይገባል።

መሞረድም ወሰን አለው። የአንዳንድ ኤግዞስት ቫልቮች ፊት ስቴላይት በሚባል በጣም ጠንካራ ብረት ተለብጧል። አንዳንዶቹ ደግሞ ላያቸው በናይትሮጅን ጠንክሮ ጠቆር ብሏል። ሽፋኑ ስስ ነው። ማሽኑ አልፎት ከሄደ ከሥሩ የሚወጣው ለስላሳው ብረት ነው፤ ያምራል፣ ያብረቀርቃል፣ ቶሎ ይበላል። እንደነዚህ ያሉ ቫልቮች ከተበሉ ይቀየራሉ እንጂ አይሞረዱም።

ሌላም አለ፣ ይህኛው አደጋ ነው። አንዳንድ ጉልበተኛና ተርቦ ያላቸው ሞተሮች የኤግዞስት ቫልቫቸው ውስጡ ባዶ ሆኖ ሶዲየም የሚባል ብረት ይጨመርበታል። ሶዲየም 98 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ ቫልቩ ሲመላለስ ውስጡ እየተንቦጫረቀ ሙቀትን ከራሱ ወደ ዘንጉ ይወስዳል። ሶዲየም ውሃ ሲነካ ደግሞ ይነዳል፣ ይፈነዳል። እንዲህ ያለ ቫልቭ አይቆረጥም፣ አይበሳም፣ «መዶሻ ጫፍ ይሆነኛል» ተብሎ ለብየዳ አይሰጥም።

አንዱ ብቻ ከተቃጠለ አንዱን ብቻ መቀየር ይቻላል?

ይቻላል። ሌሎቹ ሰባቱ ከተለኩና ካለፉ መመለስ ነውር የለውም። እዚህ ላይ ብዙ መካኒኮች «ሁሉም ካልተቀየረ አልሠራም» ይላሉ፤ ያንን ለጥንቃቄ ሲሉት አልቃወምም፣ ሳይለኩ ሲሉት ግን የእናንተን ብር እየለኩ ነው።

የበለጠ የሚያሳስበኝ ሌላው ጥያቄ ነው፦ ለምን እሱ ብቻ? ቫልቭ በራሱ ጊዜ አይቃጠልም። ክፍተቱ ጠቦ ነበር? በዚያ ሲሊንደር በኩል ያለው የውሃ መንገድ በዝገት ተደፍኗል? የዚያ ሲሊንደር ኢንጄክተር በከፊል ተዘግቶ ነዳጅ አንሶት ከመጠን በላይ ይሞቅ ነበር? መቀመጫው ዙሪያውን አይገጥምም ነበር? ሞላው ደክሟል? መልሱ ሳይገኝ አዲስ ቫልቭ ቢገባ አዲሱም በዚያው መንገድ ይሄዳል።

ጥርጣሬ ሲገባችሁ የኔ ሚዛን እንዲህ ነው። ኢንቴክ ከሆነ ወደ መመለስ አደላለሁ፤ ኑሮው ቀላል ነውና። ኤግዞስት ከሆነ ወደ መቀየር። የአንድ ቫልቭ ዋጋ እንደገና ቴስታታ ከማውረድ፣ ሌላ ጓርኒሲዮን ከመግዛት፣ መኪናዋ ቆማ ታክሲ ከመጋፋት ጋር ሲተያይ ብዙ አያከራክርም።

አዲስ ስገዛ ምን ልይ?

ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ «ኦሪጅናል ነው» ከተባላችሁ በኋላ ኪሳችሁ ውስጥ ሊኖሩ የሚገባቸው ካሊፐርና ማግኔት ናቸው። የጥሩ ኤግዞስት ቫልቭ ራስ ብዙ ክሮምየምና ኒኬል ካለበት ሙቀት ቻይ ብረት ነው የሚሠራው፤ ይህ ብረት ማግኔት አይስበውም። ዘንጉ ግን ብዙ ጊዜ ከሌላ ዓይነት ብረት ተሠርቶ ከራሱ ጋር የተበየደ ስለሆነ ማግኔት ይስበዋል። ስለዚህ ማግኔቱ የቫልቩን ራስም አጥብቆ ከያዘ ሻጩን ጥያቄ ጠይቁት። ፈተናው ፍጹም አይደለም፣ ሁሉም ፋብሪካ አንድ ዓይነት ብረት አይጠቀምም፤ ከአሮጌው ኤግዞስታችሁ ጋር ስታወዳድሩት ግን ብዙ ይናገራል።

አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። ርዝመቱን፣ የራሱን ስፋት፣ የዘንጉን ውፍረት፣ ሞላውን ዘንጉ ላይ የሚይዙት ቁልፎች የሚገቡበትን ቦይ አስተያዩ። አዲስ መሆኑ ከመለካት አያድነውም። ያገለገለ ቫልቭ ከሌላ ሞተር ላይ ተነቅሎ ርካሽ ነው ቢባል ግን እኔ አልገዛም፤ ምን ያህል እንደሞቀ ማን ያውቃል?

አዲስ ቫልቭ በአሮጌ መቀመጫ ላይ እንዲሁ አይጣልም። መቀመጫው ይቆረጣል ወይም ቢያንስ ይመረመራል። መቀመጫ ሲቆረጥ ደግሞ ቫልቩ ጠለቅ ይላል፣ ዘንጉ ከፍ ይላል፣ የቫልቭ ክፍተቱ ይጠብባል። ስለዚህ ሽሞቹ እንደነበሩ ተመልሰው ከገቡ፣ ሥራው ሁሉ ተሠርቶ ቫልቩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሳይዘጋ ሊቀር ይችላል። ልብ በሉ፣ ይሄ የተለመደ ነው።

የድሮ መኪና ካለኝስ?

ድሮ ቤንዚን ውስጥ ሊድ ይጨመር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1921 የጄኔራል ሞተርስ ተመራማሪዎች ሞተር እንዳያንኳኳ ሊድ እንደሚያግድ ደረሱበትና ዓለም ሁሉ ተጠቀመው። ሊዱ ሳይታሰብ ሌላ አገልግሎትም ነበረው፤ ሲቃጠል የሚተወው ስስ ሽፋን በቫልቩና በመቀመጫው መሃል እንደ ትራስ ሆኖ ብረት ከብረት እንዳይጣበቅ ያደርግ ነበር። ለሰው በተለይም ለሕፃናት አእምሮ መርዝ ስለሆነ ቀረ፣ መቅረቱም ትክክል ነው። ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ ላይ ጨርሰው አቆሙት፤ የመጨረሻዋ አልጄሪያ በ2021።

ሊድ ሳለ የተሠሩ፣ መቀመጫቸው ከቴስታታው ብረት ራሱ ላይ የተቆረጠ አሮጌ ሞተሮች ይህ ትራስ ሲቀር መቀመጫቸው ቀስ በቀስ ይበላል፤ የጋለው ቫልቭ በተነሳ ቁጥር ከመቀመጫው ቅንጣት ይዞ ይነሳል። እነዚህ ላይ ቫልቭ ብቻ ደጋግሞ መቀየር ዋጋ የለውም። መቀመጫው በማሽን ተቦርቡሮ ጠንካራ ቀለበት ይገባበታል። የ1990ዎቹ ኮሮላ ከፋብሪካው ይህ ጠንካራ ቀለበት ስላለው በዚህ አትጨነቁ።

ከመገጠሙ በፊት ምን ልጠይቅ?

ሁሉም ቫልቮች ገብተው ሞላቸው ከታሰረ በኋላ፣ ቴስታታው ከመጫኑ በፊት ተገልብጦ ቃጠሎው የሚካሄድበት ጉድጓድ ላይ ነጭ ጋዝ ይሞላበት። ጥቂት ደቂቃ ጠብቁና በጭስ መውጫው ቀዳዳ በኩል ተመልከቱ። እየረጠበ የሚመጣ ካለ ያ ቫልቭ አልገጠመም፤ ይውጣና ይታይ። ለማሸት የዋለው ቅባት በደንብ መታጠቡንም ጠይቁ፤ ቅባቱ የተሠራው ብረት እንዲበላ ነው፣ ጋይዱ ውስጥ ከቀረም ሥራውን አያቆምም።

ከዚያ የስምንቱም ኤግዞስት ክፍተት ተለክቶ በወረቀት ይጻፍላችሁ። ከመጀመሪያዎቹ 1,000 ኪሎ ሜትሮች በኋላ አዲሶቹ ፊቶች ከመቀመጫቸው ጋር ሲላመዱ ክፍተቱ ትንሽ ሊጠብ ስለሚችል ወረቀቱን ይዛችሁ ተመለሱና እንደገና አስለኩ። ከ0.20 በታች የወረደ ካለ ሽሙ በሳሳች ይቀየር፤ ሞተሩ ምንም ድምፅ ባያሰማም።